ያላለቀውን ምርምር ጻፉልን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

የሳይንስ ዜናዎቻችሁን ከማይዘሉት አንባቢዎች አንዱ ነኝ። የባዮሎጂ መምህር ስለሆንኩ ሙያም ሱስም ሆኖብኛል። አንድ ነገር ግን ሁሌ ቅር ይለኛል። ዜናው የሚጀምረው ከመጨረሻው ነው። «ተመራማሪዎች አዲስ መድኃኒት አገኙ» ይላል፣ በቃ። ሰዎቹ መጀመሪያ ምን ቢገርማቸው ነው እዚያ ነገር ውስጥ የገቡት? እሱ አይነገረንም።

በኮቪድ ጊዜ ከሰው አፍ የማይጠፋውን ፒሲአርን፣ ዲኤንኤን የሚያባዛውን የላቦራቶሪ ዘዴ፣ እንውሰድ። ቶማስ ብሮክ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የሎውስቶን በተባለ የአሜሪካ ፓርክ ውስጥ ከፍልውሃ ፍልውሃ ይዞር ነበር። መድኃኒት ፍለጋ አልነበረም። እጅ የሚልጥ ውሃ ውስጥ ምን ሊኖር ይችላል የሚለው ነገር ነው የያዘው። ከተማሪው ከሃድሰን ፍሪዝ ጋር ሆነው 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ላይ ተመችቶት የሚራባ ባክቴሪያ አገኙ። እ.ኤ.አ. በ1969 ቴርመስ አኳቲከስ ብለው ስም አወጡለት።

ፒሲአር የታሰበው ከዚያ በኋላ ነው፣ በ1983። ዘዴው ዲኤንኤን 95 ዲግሪ አካባቢ ድረስ አሙቆ ክሮቹን ይለያያል፤ ከዚያ አቀዝቅዞ ይቀዳል፤ እንደገና ያሞቃል። ችግሩ ቅጂውን የሚሠራው ኢንዛይም ሙቀቱን አይችልም። በየዙሩ አዲስ መጨመር ግድ ነበር። የዚያ የፍልውሃ ባክቴሪያ ኢንዛይም ግን ቻለው።

ይህን ታሪክ በየዓመቱ ክፍል ውስጥ እተርካለሁ፤ አይሰለቸኝም። ግን አንድ ስጋት አለኝ። «ይሄ ምርምር ምን ይጠቅማል?» በተባልን ቁጥር ብሮክን እየጠራን ነው የምናመልጠው። ሎተሪ የደረሰውን ሰው ብቻ እያሳዩ ትኬት እንደመሸጥ ነው። ብዙው ምርምር መድኃኒትም ማሽንም አይወጣውም። ወጪውን የሚሸፍነው ግብር ከፋይ መድኃኒት ጠብቆ ካጣ ተታለልኩ ቢል አይፈረድበትም።

ደግሞስ ሰው ጥቅም ካልተነገረው አይሰማም ያለው ማን ነው? እ.ኤ.አ. በመስከረም 2015 ሁለት ጥቁር ጉድጓዶች ሲዋሃዱ የተነሳ የስበት ሞገድ ተመዘገበ። የመዘገበው መሣሪያ ክንዶች 4 ኪሎ ሜትር ይረዝማሉ። ሞገዱ በርዝመታቸው ላይ ያመጣው ለውጥ ግን አቶም ውስጥ ካለችው ከአንድ ፕሮቶን ስፋት በመቶዎች እጥፍ ያነሰ ነው። ተመራማሪዎቹ ይህን ወደ ድምፅ ቀይረው አሰሙን። ከሰከንድ ያነሰች፣ ወደ ላይ የምትቀጥን ጭውጭውታ ናት። ለተማሪዎቼ ሳሰማቸው «ይደገም» አሉ። አምስቴ ደገምኩት። ምን ይጠቅማል ያለኝ አንድም ልጅ የለም።

ጥፋቱ የጋዜጠኞች ብቻ አይደለም። አንዳንድ ተመራማሪ በቀላል ቋንቋ ማስረዳት ክብር የሚነካ ይመስለዋል። ውጤት እስኪያገኝ ድረስም አፉን አይከፍትም። ስፔናዊው ፍራንሲስኮ ሞሂካ ጨዋማ ውሃ ውስጥ የሚኖሩ ረቂቅ ህዋሳትን ሲያጠና፣ ዲኤንኤያቸው ላይ እየተደጋገመ የሚመጣ ነገር አየ። ህዋሳቱ ቫይረስ የሚከላከሉበት ዘዴ መሆኑን ለመገመት አሥር ዓመት ገደማ ፈጀበት። ጽሑፉንም አንዱ መጽሔት ሲመልሰው ወደ ሌላው ሲልክ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2005 ታተመ። ዛሬ ክሪስፐር የምንለው፣ የጂን ማረሚያው መሣሪያ የወጣበት ነገር ነው። እኔ ማንበብ የምፈልገው ግን በአምስተኛው ዓመት ላይ፣ ገና ምንም ሳይገባው ሊጻፍ ይችል የነበረውን ዜና ነው።

ስለዚህ ልመናዬ ይህ ነው። በወር አንዴ ጋዜጠኛ ልካችሁ ገና ምንም ያላገኘ ተመራማሪ አነጋግሩልን። ምን እንደገረመው፣ ምን ሞክሮ እንዳልሆነለት ይንገረን። ግማሽ ገጽ ይበቃል። ቦታ ከጠበበ የኮከብ ቆጠራውን አምድ መቀነስ ይቻላል፤ እኔ በበኩሌ ቅር አይለኝም።

የዘወትር አንባቢያችሁ