«ስንት መታሽ?» ላልከኝ

ልጄ፣ ሰላም ነው? እማማስ እንዴት ናት? ጉልበቷን ማታ ማታ እያሸህላት ነው ወይስ ረሳኸው?

እሁድ ስንደዋወል ስለ ቀስት ውርወራ ትምህርቴ «ማሚ፣ ስንት መታሽ?» ስትለኝ «ኧረ ጥሩ ነው፣ እየለመድኩ ነው» ብዬ ወሬ ቀየርኩብህ። ዋሽቼህ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ አንድም አልመታሁም። ዜሮ። በስልክ መናገሩ አልሆነልኝም፣ ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጻፍልህ። ትንሽ ይረዝማል፣ ለእማማ ጮክ ብለህ አንብብላት።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር እናስተካክል። ለጓደኞችህ «እናቴ እንደ ኦሊምፒኮቹ ኮሪያውያን ሆናለች» እያልክ ጉራህን እንደምትነዛ ሰምቻለሁ። ተው እንጂ! እነዚያ ሴቶች ከ1988 እስከ ፓሪስ 2024 የሴቶችን የቡድን ወርቅ ለማንም አላስነኩም፣ አሥር ጊዜ ተከታትለው ነው የወሰዱት። የእነሱ ደጋን ማነጣጠሪያ አለው፣ ርቀቱም 70 ሜትር ነው። እኔ የምማረው የድሮውን ነው፣ ጉንግዶ ይሉታል። ማነጣጠሪያ ብሎ ነገር የለም። ኢላማው ደግሞ 145 ሜትር ላይ ነው የቆመው። ከኳስ ሜዳ ይረዝማል በለው። ሰሌዳው 2 ሜትር ወርድ አለው፣ ቁመቱም ከሁለት ሜትር ተኩል ይበልጣል፣ ግን ከመወርወሪያው መስመር ላይ ሆነህ ስታየው የክብሪት ቀፎ ነው የሚያክለው። ነጥብ የሚባል የለም። መሃሉን መታህ፣ ጠርዙን መታህ፣ ያው ነው። ወይ መታህ ወይ ሳትክ። በአንድ ዙር አምስት ቀስት ነው፣ እኔም አምስት ጊዜ እስትና ቀስቶቼ በሽቦ ላይ በሚሮጥ ቅርጫት ተጭነው እስኪመለሱልኝ ቆሜ እጠብቃለሁ።

የገባሁበት በድምፁ ነው። ከላብራቶሪ ወደ ማደሪያዬ ስሄድ ከተራራው ሥር «ጧ» የሚል ነገር እሰማ ነበር፣ አንድ ቀን ደረጃውን ወጥቼ ሳይ ሽማግሌዎች ተደርድረው ይወረውራሉ። በማግስቱ ተመዘገብኩ። ለምን እንደሆነ አትጠይቀኝ። ቀኑን ሙሉ በኮምፒውተር ላይ ተደፍቼ ስለምውል ይሆናል፣ ወይም እንደ ቤት ሰው «እንደምን አደርሽ» የሚለኝ ፈልጌ ይሆናል።

ወደ መወርወሪያው ቦታ ስገባ ግድግዳው ላይ ለተሰቀለ ጽሑፍ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሳለሁ። እማማ እንዳትደነግጥ ንገራት፣ ጣዖት አይደለም፣ ለቦታው ክብር ነው። መጀመሪያ እኔም ቅር ብሎኝ ነበር፣ በኋላ ትልቅ ሰው ሲገባ ከመቀመጫ ብድግ እንደማለት ነው ብዬ ተውኩት።

የመጀመሪያውን ወር ቀስት የሚባል አልነካሁም። አስተማሪው ሳቦም ነው የሚባሉት። ደጋን ይሰጡኛል፣ እስባለሁ፣ ይዤ እቆያለሁ፣ ቀስ ብዬ እመልሳለሁ። ያለ ቀስት መልቀቅ ክልክል ነው፣ ደጋኑ ሊሰበር ይችላል። የኔው ለጀማሪ የሚሰጥ የካርቦን ነው፣ ግን መሳቡ ቀልድ እንዳይመስልህ፣ የ20 ሊትር ጀሪካን ከግማሽ በላይ ውኃ ሞልተህ በአንድ እጅህ አውራ ጣት እንደማንጠልጠል ነው። እዚህ የሚሳበው በአውራ ጣት ነዋ። ከቀንድ የተሠራ ቀለበት ይጠለቅበታል። በሁለተኛው ሳምንት ጥፍሬ ጠቁሮ ነበር፣ እንጀራ ስቆርስ ራሱ ያመኝ ነበር።

የእግር አቋቋሙን የሚያስረዱት በቻይና ፊደል ነው። «እንደዚህኛው ፊደልም አይሁን፣ እንደዚያኛውም አይሁን» ይላሉ። አንደኛው የኛን «ተ» ቢጤ ነው፣ ሁለተኛው ቁርጥ «ለ»። ስለዚህ እኔ መስመሩ ላይ ስቆም በልቤ «ተ አይደለም፣ ለ አይደለም» እያልኩ ነው። እነሱ ጸሎት የማደርስ ይመስላቸዋል።

በሁለተኛው ወር ቀስት ተሰጠኝ። ታስሮ! እውነቴን ነው፣ የጀማሪ ቀስት በገመድ ታስሮ ነው የሚወረወረው። ትለቀዋለህ፣ ትንሽ ይሄድና ገመዱ ይዞ ያስቀረዋል፣ ልክ እንደታሰረ ጥጃ። እዚያ ላይ ነው የተመታሁት። ሳቦም «አንገትሽን አታውጪ» እያሉኝ ቀስቱ የት እንደደረሰ ለማየት ቸኩዬ አንገቴን አወጣሁ፣ የደጋኑ ገመድ ጉንጬንና ጆሮዬን አንድ ላይ አጮለኝ። ጆሮዬ ጭው አለ። እንባዬ መጣ፣ ደግነቱ ላብ ነው ብዬ ጠረግኩት። በማግስቱ ላብራቶሪ ውስጥ ሁሉም ጉንጬን እያየ ዝም አለ፣ አንዷ ብቻ ቀረብ ብላ «ቤት ውስጥ ችግር አለ?» አለችኝ። «ማን መታሽ» ብትለኝ ደግሞ «ራሴ» ልላት ነው። እንግዲህ ሒሳቡን ከፈለግከው ከመታሁት የተመታሁት ይበልጣል።

አንተ አገር ቤት አሥራ አራት ዓመት «መምህርት» ስባል የምታውቀኝ ሰውዬ ነህ። እዚህ ማንም አያውቀኝም። የሰባ ዓመት ሴትዮ መጥታ ክርኔን በጣቷ ቀና ታደርግልኛለች፣ ትንሽ ቆይቶ ሌላው ደግሞ ይመጣና መልሶ ያወርደዋል። አንዳንዴ በጣም ያበሽቀኛል። መግቢያው አጠገብ ያለ ድንጋይ ላይ «ወርውረህ ስትስት ምክንያቱን ከራስህ ፈልግ» የሚል ተቀርጿል። እኔ ግን ነፋሱ ነው ባይ ነኝ።

አሁን ዋናውን ልንገርህ። ገመዱ ተፈትቶልኝ ከሰዎቹ ጋር መስመር ላይ የቆምኩ ቀን ነው። ሰባት ነበርን። ወሬ ቆመ፣ መስመር ላይ ማውራት አይቻልም። በመጀመሪያ የሚወረውሩት ሽማግሌ ሰማንያ ያለፋቸው ናቸው፣ አርባ ዓመት ሙሉ ደጋን ሲስቡ የኖሩ። ደጋናቸውን አነሱና ጮክ ብለው «ኋል ቤውምኒዳ» አሉ። ደጋን እየተማርኩ ነው ማለት ነው። የቀሩት በአንድ ድምፅ «ማኒ ማቹሴዮ» አሏቸው። ብዙ ይምቱ ማለት ነው። እኔ እንግዳ ስላየሁ የሚቀልዱ መስሎኝ ፈገግ አልኩ። ማንም አልሳቀም። ወረወሩ፣ «ጧ»። በማግስቱም እንደዚያው፣ በሚቀጥለውም ቀን። የመጀመሪያ ቀስት የሚለቅ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለው፣ ጀማሪም ይሁን የእሳቸው ቢጤ። ለሳቦም «እሳቸውም እየተማሩ ነው?» ስላቸው ግራ ገብቷቸው አዩኝ። «ታዲያ ምን ይበሉ?» አሉኝ።

ተራው የደረሰኝ ቀን ድምፄ አልወጣ ብሎኝ ነበር። «ኋል…» አልኩና ቆምኩ። ሽማግሌው ግን ቃሌን እንደጨረስኩ ቆጥረው «ማኒ ማቹሴዮ!» ብለው ጮኹልኝ። ሳትኩ በእርግጥ።

አሁን የምሥራቹ። ሐሙስ ጠዋት ብርድ ነበር፣ እጄ ደንዝዟል፣ ሦስተኛው ቀስት ነው። ስለቀው ምንም የተለየ ነገር አልተሰማኝም። ከዚያ ወዲያ ማዶ ሰሌዳው ላይ ያለችው ቀይ መብራት በራች፣ ድምፁ ቆይቶ መጣ። የማን ቀስት ነው ብዬ ዞር ዞር አልኩ። ሁሉም እኔን ነው የሚያዩት። አንድ! ልጄ፣ አንድ ነው የመታሁት። አራተኛውና አምስተኛው የት እንደገቡ አትጠይቀኝ።

የመጀመሪያውን የመታ ሰው ደግሞ መጋበዝ አለበት፣ ልማድ ነው። እኔም ድፎ ዳቦ ጋገርኩላቸው፣ በሩዝ መቀቀያ! ምድጃ የለኝም፣ ኮባ ከየት ይምጣ። ሥሩ ትንሽ አረረ፣ ጥቁር አዝሙዱ ግን ሸተተ። ጠራርገው በሉት። ሽማግሌው እየበሉ የየት አገር ሰው እንደሆንኩ ጠየቁኝ፣ ኢትዮጵያ ስላቸው ወዲያው «ቹንቾን!» አሉ። ቃኘው ሻለቆች ለኮሪያ ጦርነት የዘመቱበትን ጊዜ የሚያስታውስ ሰው እዚህ እንደዚያ ነው የሚለው። በፈረንጆቹ 1968 ጃንሆይ መጥተው የመረቁት መታሰቢያ ሐውልት ያለው ቹንቾን ከተማ ነው። ተያይዘን መሄዳችን አይቀርም።

ከዚያ የራሳቸውን ደጋን ከሙቅ ሣጥን አውጥተው አሳዩኝ። የጥንቱ ዓይነት ነው። ከውኃ ጎሽ ቀንድ፣ ከቀርከሃና ከበሬ ጅማት የተሠራ፣ የተጣበቀውም ከዓሣ በሚወጣ ሙጫ ነው። እርጥበት ያላላዋል፣ ለዚያ ነው ሙቅ የሚወደው። ገመዱ ሲወልቅለት በሌላ በኩል ተጠቅልሎ ቀለበት ይሆናል፣ ዓይኔ አላመነም። ገመዱን ስዳስሰው እማማ ጥጥ የምትነድፍበት ደጋን ትዝ አለኝ። በጣቴ አየር ላይ እየሣልኩ፣ «ድው ድው» እያልኩ ባዘቶው እንዴት እንደሚነሣ ነገርኳቸው። ኮሪያኛዬ አልበቃ አለኝ። እሳቸው ግን ተነሥተው መነጽራቸውን አደረጉና «ገመዱ ከምን ነው?» አሉኝ። አላውቅም።

እና እባክህ፣ ጓዳ በር ጀርባ ተሰቅሎ እንደሆነ እይልኝ። ካለ ከሁለት በኩል ፎቶ አንሣው፣ ገመዱን ደግሞ ቀረብ አድርገህ። ከጅማት ይሁን ከሌላ እማማን ጠይቃት። ቅዳሜ ጠዋት ከሽማግሌው ጋር እዚያው እንገናኛለን፣ ከዚያ በፊት ላክልኝ፣ እየጠበቁ ነው።

እናትህ፣ ከሴኡል