የአንገረብን ዳገት ፍራፍሬ እናልብሰው

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣ ጤና ይስጥልኝ።

ክረምት በመጣ ቁጥር ስለ ችግኝ ተከላ ትጽፋላችሁ፣ ጥሩ ነው፣ ግን ስንት ተተከለ ከሚለው ይልቅ ከችግኙ ስር ያለው አፈር ምን ሆነ የሚለውን፣ በተለይ እኛ ጎንደሮች ከምንጠጣበት ከአንገረብ ግድብ በላይ ባለው ዳገት ላይ፣ ብትጠይቁልን ብዬ ነው ይሄን የምጽፍላችሁ። ያስጻፈኝ ኅዳር ላይ ከእህቴ ጋር ለእረፍት ዛንዚባር ሄደን ያየሁት የፍራፍሬ እርሻ ነው። እህቴ ባህሩን ብላ ነው የሄደችው፣ እኔ ደግሞ እርሻ ካየሁ ማለፍ አልችልም፣ ስለዚህ አንዱን ቀን ለእርሻው ሰጠነው።

እርሻው ኡንጉጃ በምትባለው ትልቋ ደሴት ላይ ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። ስትገቡ ጫካ የገባችሁ ነው የሚመስላችሁ፣ ከላይ ኮኮናትና ማንጎ፣ ከሱ ዝቅ ብሎ ጃክፍሩት፣ ከዛ ሙዝ፣ ከሙዙ ስር ዝንጅብልና እርድ፣ ቁንዶ በርበሬው ደግሞ ሐረግ ስለሆነ ዛፉ ላይ እየተጠመጠመ ይወጣል። ጃክፍሩቱ ግንዱ ላይ ነው ተንጠልጥሎ የሚያፈራው፣ አንዱ ፍሬ ከ30 ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል። ቅርንፉድም ዛፉ ላይ እንዳለ አየሁ፣ እኛ ሻይ ውስጥ የምንጨምረው ሳይፈካ ተለቅሞ የደረቀ የአበባ እምቡጥ ነው፣ መንገድ ዳር ምንጣፍ ላይ አስጥተውታል ሽታው ከሩቅ ይጣራል። አስጎብኚው ልጅ፣ ማማ እያለ ነው የሚያናግረኝ፣ አንድ የገውዝ ፍሬ ቆርጦ በቢላ ለሁለት ሲከፍልልኝ ውስጡ ያለው ዘር ዙሪያውን በደማቅ ቀይ ነገር ተጠቅልሏል፣ ደርቆ አራዳ ገበያ ስንገዛው እንደዚህ የሚያምር ነገር ነበር ብሎ ማን ያስባል!

ግን ልቤን የወሰደው መሬቱ ነው። ባዶ አፈር የሚባል የለም። አያርሱም፣ የፋብሪካ ማዳበሪያም አይጨምሩም፣ ሣሩ ዘር ሳይዝ ይታጨድና እዛው ይነጠፋል፣ ሙዝ አንዴ ካፈራ በኋላ ያ ግንድ አያፈራም አይደል፣ ስለዚህ ቆርጠው ቆራርጠው በሌላው ዛፍ ዙሪያ ይደረድሩታል፣ ግንዱ ውሃ የቋጠረ ስለሆነ እየበሰበሰ ስሩን ያርሰዋል። ቁንዶ በርበሬው ከሚወጣባቸው ዛፎች አንዱ ግሊሪሲዲያ ይባላል፣ ከአየር ላይ ናይትሮጅን የሚባለውን የተክል ምግብ ይዞ ለአፈሩ የሚሰጥ ነው፣ ቅርንጫፉን በየጊዜው እየመለመሉ መሬት ላይ ይጥሉታል። ጉዝጓዙን ገለጥ አድርጌ እጄን ሰደድኩት፣ አፈሩ ጥቁር ነው፣ ርጥብ ነው፣ ትል ሞልቶበታል፣ ጣቴ እስከ ጉልጥምቱ ድረስ ሳይቸገር ገባ።

እዛው እያለን ዝናብ መጣ፣ ሃይለኛ ዝናብ። ቆርቆሮ ስር ተጠልለን ሳለን እኔ አይኔን ከቦዩ ላይ አላነሳሁም። መንገዱ ላይ የሚወርደው ጎርፍ ቀይ ነው፣ ከእርሻው የሚወጣው ግን ቀጠን ያለ፣ ጠጠሩ ከስር የሚታይበት ጥርት ያለ ውሃ። አንድ ሰማይ የጣለው ዝናብ፣ አጥር ለአጥር!

ይሄን ሳይ አንገረብ ነው ትዝ ያለኝ። ጎንደር የምንጠጣበት ግድብ በደለል እየሞላ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፣ ውሃ በፈረቃ ስንጠብቅ የምንኖርም እኛው ነን። ደለሉ ከየትም አልመጣም፣ ከላይ ካለው ዳገት ነው። ጤፍ መሬቱን አራት አምስት ጊዜ ማረስ ይፈልጋል፣ ያ ሁሉ ታርሶ ታርሶ የደቀቀ አፈር ራቁቱን የሚሆነው ደግሞ ልክ ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሲበረታ ነው። ወደ ጣና የሚወርደውም እንደዛው ነው፣ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር 2011 ላይ ሐይቁ ላይ የታየው እምቦጭ ከየማሳው ታጥቦ የሚገባለትን ማዳበሪያና አፈር እየበላ ነው የሚፋፋው።

ዛንዚባሮች ዝናብ በዓመት ሁለቴ ነው የሚያገኙት ትሉኛላችሁ፣ እውነት ነው፣ ረጅሙ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ አጭሩ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፣ እኛ ደግሞ አንድ ክረምት ብቻ ነው ያለን። እርሻውም ከእንደኔ አይነቱ ጎብኚ ገንዘብ ያገኛል። ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን የኛ ገበሬ ገለባውን ለከብት፣ ኩበቱን ለማገዶ ነው የሚፈልገው፣ አንጥፈው ብትለው ከብቴ ምን ይብላ ይልሃል፣ ልክም ነው። እኔም ጤፉ ይቅር አላልኩም። የምለው ከግድቡ በላይ ያለው ቀጥ ያለ ዳገት፣ ለማረስም በሬውን የሚገድለው፣ እሱ ዛፍ ይሁን፣ ዛፉም ባህር ዛፍ ብቻ አይሁን። ሰስባንያና ትሪ ሉሰርን የሚባሉት ዛፎች በክልላችን ለመኖ ሲተከሉ የቆዩ ናቸው፣ እነሱም ናይትሮጅን ይይዛሉ፣ ቅጠላቸውን ግማሹን ለላም ግማሹን ለአፈር ማካፈል ይቻላል። በመሃል በመሃሉ ኮክ፣ ሞቅ ባለው ቦታ ዘይቱን፣ አቮካዶና ሎሚ፣ ወደ ደምቢያ ሲወረድ ማንጎና ፓፓያ። ልቅ ግጦሹ ካልቆመ ግን ሁሉም ከንቱ ነው፣ ጥር ሳይደርስ ይበላል።

ደሞ ዛንዚባር ድረስ መሄድ አያስፈልግም እኮ፣ ዘጌ አለልን። ባህር ዳር አጠገብ፣ እዛው ጣና ዳር፣ በሬ የማይጠመድበት፣ ከብት የማይረባበት ምድር ነው። የዘጌው ጻድቅ አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ሦስት ቦታ ሰብረው ለአካባቢው ሰው ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ሰጠኋችሁ፣ በነሱ ኑሩ አሉ ነው የሚባለው፣ ሕዝቡም ያንን ጠብቆ ለዘመናት ቡናውን በትልልቅ የአገር ዛፍ ጥላ ስር እያለማ ኖሯል። ዛንዚባር ላይ ከፍዬ ያየሁት ነገር ዋናው እዚሁ ቤታችን አለ፣ እኛ ግን ዘጌን ለገዳማቱ ብለን እንሄዳለን እንጂ አፈሩን ጎንበስ ብሎ የሚያይ ጥቂት ነው።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ፣ ሰኔ ሳይገባ ዘጋቢ ልካችሁ የአንገረብን ዳገት አሳዩን፣ ባለፉት ክረምቶች የተተከለው የት ደረሰ፣ ዘንድሮ ችግኝ ጣቢያዎቹ ስንት የፍራፍሬ ችግኝ አዘጋጁ፣ ከተከላው በኋላ ጉዝጓዝ የሚያለብስና የሚጠብቀው ማነው የሚለውን ለሚመለከተው አካል ጠይቁልን። ከዳገቱ ገበሬዎችም ጥቂቱን ዘጌ ወስዶ ከዘጌ ገበሬ ጋር የሚያገናኝ ከተገኘ ለጉዞው የአቅሜን አዋጣለሁ፣ ስልኬ ዝግጅት ክፍሉ ጋር አለ።

አክባሪ አንባቢያችሁ
ከአዘዞ፣ ጎንደር