ክረምቱ ሳይገባ ጣሪያውን እንድረስለት፦ የድጋፍ ጥሪ ከደብረ ማርቆስ

ሰላም ናችሁ ወገኖች፣ እዚሁ ማርቆስ ያላችሁም፣ አዲስ አበባም ባህር ዳርም ውጭ አገርም ያላችሁ። ሳላንዛዛ ልናገረው፣ አሮጌው ደርብ ቤት ሊፈርስብን ነው። ገና አልፈረሰም፣ ማዳን ይቻላል፣ ግን ብር ያስፈልጋል፣ ብሩም ግንቦት ከማለቁ በፊት ነው የሚያስፈልገው። ለምን እንደሆነ ከታች ጽፌዋለሁ፣ ትንሽ ረዘም ስለሚል ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

የትኛው ደርብ ለምትሉ፣ ታችኛው ቤት በጥርብ ድንጋይ የተገነባው፣ ላይኛው በእንጨትና በጭቃ የተሰራው፣ ፊት ለፊቱ የእንጨት ሰገነት ያለው፣ ደረጃው በውጭ በኩል የሚወጣው። እዛ ሰፈር አድጎ በዛ ሰገነት ስር ዝናብ ያልተጠለለ ልጅ ያለ አይመስለኝም። አዛውንቶቹ በራስ ኃይሉ ዘመን የተሰራ ነው ይላሉ።

ለልጆቹ ስል ትንሽ ታሪክ ላስገባ። ከተማችን ድሮ መንቆረር ነበር ስሟ፣ የቆረቆሯትም ደጃዝማች ተድላ ጓሉ ናቸው፣ 1845 አካባቢ መሆኑ ነው። ኋላ የጎጃሙ ገዥ ራስ አዳል በ1873 ንጉስ ተክለ ሃይማኖት ተብለው ነገሱ፣ በሳቸው ዘመን ነው በቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ስም ደብረ ማርቆስ መባል የጀመረችው። ልጃቸው ራስ ኃይሉ ደግሞ በ1916 ከራስ ተፈሪ ጋር አውሮፓን ዞረው መጡና የአባታቸውን ቤተ መንግስት በአውሮፓ ስታይል አሳደሱት (ግብሩንም አብዝተውት ነበር ይባላል፣ እሱ ሌላ ጨዋታ ነው)። ጣልያን መጣ ሄደ፣ አርበኛው ከየዱሩ ወጣ፣ ጃንሆይም በ1933 ከስደት ሲመለሱ አዲስ አበባ ከመግባታቸው በፊት እዚህ ነው የገቡት። ይሄን ሁሉ ያየ ቤት ዛሬ ቁጠሩ ብትባሉ ስንት ታገኛላችሁ? ቤተ መንግስቱና ቤተ ክርስቲያኑ ይጠቀሳሉ፣ ተራው ሰው የኖረበት ቤት ግን ማንም ሳያየው ነው እየፈረሰ ያለው፣ አንድ ቀን ታልፋላችሁ አለ፣ በሳምንቱ ታልፋላችሁ ቦታው ላይ የብሎኬት ክምር።

ደርቡ እንዴት እንዲህ ሆነ? በ1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ሲወጣ ተወረሰ፣ የቀበሌ ቤት ሆነ፣ ከዛ በኋላ የገባው ሁሉ ተከራይ ነው። የቀበሌ ቤት ኪራይ ስንት እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ በዛ ብር ሚስማር እንኳን አይገዛም፣ ተከራይም የኔ ባልሆነ ቤት ለምን ልልፋ ይላል፣ አይፈረድበትም። አንድ ከባድ ጥፋት ግን ተሰርቷል። ከአመታት በፊት ቤቱን ለንግድ የያዘ ሰው አሳምራለሁ ብሎ የላይኛውን የጭቃ ግድግዳ በሙሉ በሲሚንቶ አስለሰነው፣ ቀለምም ቀባው፣ ያኔ ሁላችንም አማረ ነው ያልነው።

አሁን ሄዳችሁ ያንን ልስን በጣታችሁ ምቱት፣ እንደ ባዶ ጣሳ ነው የሚጮኸው። ግንበኛችን በሰሜን በኩል ካለው መስኮት ስር አንድ ቁራጭ ልስን ሲያነሳ ከጀርባው ያለው ጭቃ ደርቆና ላልቶ ዝርግፍ አለ፣ ማገሩ ጫፉ በስብሶ በእጅ ይፈረፈራል፣ ምስጥም ገብቶበታል። ነገሩ እንዲህ ነው፣ የጭቃ ግድግዳ ክረምት እርጥበት ይስባል፣ በጋ መልሶ ያስወጣዋል፣ ሲሚንቶ ግን ያፍነዋል፣ ውሃው በስንጥቅ ይገባል መውጫ ያጣል፣ ውስጥ ውስጡን እንጨቱን ይበላዋል። ከውጭ ስታዩት ግን ደህና ግድግዳ ነው። ይሄ የኛ ብቻ ችግር አይደለም፣ ጎንደር የፋሲል ግቢ እንኳን በጣልያን ጊዜ በሲሚንቶና በአርማታ ተጠግኖ ኋላ እሱን አንስቶ በኖራ መተካት ግድ ሆኗል፣ ያውም የድንጋይ ህንፃ ሆኖ።

ጥሩ ዜናው፣ የታችኛው የድንጋይ ቤት ቀጥ ብሎ ነው የቆመው። ቋሚዎቹ ጥድና ወይራ ስለሆኑ ከጥቂቶቹ በስተቀር ጤነኛ ናቸው፣ አናጢው አንድ በአንድ በመጥረቢያ ጀርባ እየመታ ነው የፈተሻቸው። የሰገነቱ መደገፊያ ላይ ያለው ቅርፅም አብዛኛው አለ። የሞተው ጣሪያው ነው። ቆርቆሮው ዝጎ ተበሳስቷል፣ አሸንዳ የሚባል ነገር የለውም፣ ውሃው በቀጥታ ግድግዳው ላይ ይወርዳል፣ በምስራቅ ማዕዘን በኩል ጣሪያውን የሚሸከመው እንጨት፣ ወጋግራው፣ ጎብጧል። መርጡለ ማርያም የሄደ ሰው በንግስት እሌኒ የተሰራችው፣ በኋላም በ1600ዎቹ እንደገና የታነፀችው ህንፃ ዛሬ ምን እንደቀራት አይቷል፣ ግድግዳ። እሱም የቀረልን የተጠረበ ድንጋይ ስለሆነ ነው፣ ቅርፃ ቅርፁ እስከዛሬ ያስደምማል። የኛ ላይኛው ፎቅ ግን ጭቃ ነው፣ ጣሪያው ከሄደ በጎጃም ዝናብ ሁለት ክረምት አይቆምም። ዘንድሮ ነው ጉዳዩ።

እና ምን ልታደርጉበት ነው ለሚለው፣ ሙዚየም ልታደርጉት ነው አይደል የሚለን ሰው በዝቷል። አይደለም። ለሙዚየም ክብር አለን፣ ግን ተቆልፎ ቁልፉ አንድ ሰው ኪስ ውስጥ ያለ ቤት ጣሪያው ማፍሰሱን እንኳን የሚያውቅለት የለም፣ ቤት ሰው ሲገባበትና ሲወጣበት ነው የሚጠበቀው፣ ጠዋት በር የሚከፍት፣ ጭስ የሚያጨስበት፣ ጠብታ ሲያይ ኧረ እዚህ ጋ ያፈሳል ብሎ የሚጮህ ሰው ሲኖር። ስለዚህ ታችኛው ትልቁ ክፍል፣ 12 ሜትር በ7 ሜትር ነው፣ ቀን ቀን የተማሪዎች ማንበቢያ ይሆናል፣ ማታና እሁድ ደግሞ የሰፈሩ እድሮች መሰብሰቢያ፣ ሽምግልናም እዛው፣ እስካሁን ሽማግሌዎቻችን በዝናብ ሰው ደጅ ነው የሚቀመጡት። ላይኛው ፎቅ የቅኔ ምሽት ይካሄድበታል፣ ጎጃም ሆነን፣ ዋሸራና ዲማን የመሰለ የቅኔ ቤት በስማችን እየተጠራ፣ ከተማው ውስጥ አንድ ባለቅኔና አንድ ወጣት አብረው የሚቀመጡበት ቦታ አለመኖሩ ያሳፍራል በእውነት። ግድግዳው ላይ የሰፈሩ የድሮ ፎቶዎች ይሰቀላሉ። ጓሮው ውስጥ ሸማኔዎች ጉድጓዳቸውን ቆፍረው እንዲሰሩ ተነጋግረናል፣ በር ላይ ደግሞ ለቡና ቤት የሚከራይ ትንሽ ክፍል አለ፣ ኪራዩ ለጥበቃና ለመብራት ይሆናል፣ በየአመቱ እጃችንን እየዘረጋን አንኖርም።

አንዳንዶቻችሁ በዚህ ሰዓት? ሰው በሰላም ወጥቶ መግባት አቅቶት፣ ኑሮው እንዲህ ሆኖ አሮጌ ቤት መጠገን ምን ይባላል ትሉ ይሆናል። እኛም ተነጋግረንበታል፣ ስብሰባ ላይ ሰው ተጨቃጭቆበታል፣ አንዲት እናት ናቸው የቋጩት፣ "ልጆቹ ትምህርት ተቆራርጦባቸው በየጥጉ ቁጭ ብለዋል፣ ቢያንስ ቁጭ የሚሉበት ቤት ስጧቸው" ብለው። ሌላም አለ፣ ግንበኛው፣ አናጢው፣ ድንጋይ ጠራቢው ስራ ፈቶ ነው ያለው። በኖራና በጭቃ ስትጠግን ከወጪው ብዙው የሚሄደው ለሰው ጉልበት ነው፣ ለፋብሪካ እቃ አይደለም፣ ማለት ብራችሁ እዚሁ ከተማ ውስጥ እንጀራ ሆኖ ይበላል።

በጭቃ መስራት የድህነት ነው የሚል አስተሳሰብ አለ፣ እሱን ብንተወው ደስ ይለኛል። አዲስ አበባ መካኒሳ ዞማ ሙዚየምን ያየ ሰው ይመስክር፣ በ2011 የተከፈተው፣ ኤልያስ ስሜና መስከረም አሰግድ በጭቃና በጭድ የሰሩት፣ የውጭ ሰው ሳይቀር ሊያይ ይመጣል። እናቶቻችን የሚያውቁት ስራ ነው እኮ። የጤፍ ጭድ ከጭቃ ጋር ተቀላቅሎ ውሃ እየጠጣ፣ በየጊዜው በእግር እየተረገጠ ለሳምንታት ይቦካል፣ ሽታው አይጣል ነው፣ ግን በደንብ የቦካ ጭቃ ሲደርቅ አይሰነጠቅም። ኖራው ደግሞ በጭቃው ላይ በስሱ ነው የሚለሰነው፣ ቀስ ብሎ ከአየር ጋር ነው የሚጠነክረው፣ ኃይለኛ ፀሀይም ዝናብም አይወድም፣ እርጥብ ጆንያ እየተሸፈነ ነው የሚሰነብተው።

ለዚህ ነው ስራውን ለሁለት የከፈልነው። አሁን እስከ ግንቦት ጣሪያው፣ አሸንዳውና በቤቱ ዙሪያ ውሃ የሚያሸሽ ቦይ። ግድግዳው ክረምቱን በአዲስ ጣሪያ ስር ተጠልሎ ይከርማል፣ ጥቅምት ላይ ሲሚንቶውን አንስተን የበሰበሰውን ማገር ቀይረን ምርጊቱንና ኖራውን እንጀምራለን። ቀድመን ግድግዳውን እናሳምር ያሉ ነበሩ፣ ለፎቶ ያምራል ብለው፣ ጣሪያ የሌለው ግድግዳ መለሰን ግን ብር ዝናብ ላይ መበተን ነው።

ለመጀመሪያው ዙር የሚያስፈልገው 110 ቆርቆሮ ነው፣ ጌጅ 28፣ ቀጭኑን አንገዛም፣ ነፋስ ይገለብጠዋል። ከሱ ጋር ሞራሌ፣ የቆርቆሮ ሚስማር፣ አሸንዳ፣ የአናጢና የቀን ሰራተኛ ክፍያ። ዋጋ በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ እዚህ ብር አልጽፍም፣ የሳምንቱን ፕሮፎርማ ቴሌግራም ግሩፑ ላይ እንለጥፋለን፣ እናንተ በቆርቆሮ አስቡት፣ አንድ ሰው አንድ ቆርቆሮ፣ የቻለ አምስት፣ ያልቻለ ከጓደኛው ጋር ተካፍሎ ግማሽ። የአንድ ባች ተማሪዎች ተሰብስባችሁ አንድ ጎን ጣሪያ ብትይዙ ደግሞ ሌላው ባች ዝም ብሎ የሚያይ አይመስለኝም፣ እናውቃችኋለን።

ስለ ብሩ ጉዳይ ግልፅ ልሁን፣ ምክንያቱም ከዚህ በፊት በመዋጮ የተቃጠለ ሰው ብዙ ነው። ሂሳቡ የተከፈተው በእድሩ ስም ነው፣ በግለሰብ ስም አይደለም፣ ሶስት ሰው ካልፈረመ አይወጣም፣ ከሶስቱ አንዷ የሴቶች እድር ገንዘብ ያዥ ናቸው፣ እሳቸውን የሚያውቅ ያውቃል፣ አምስት ሳንቲም አያልፏቸውም። ቤቱን ለረጅም ጊዜ እንድንገለገልበት በፅሁፍ ተፈራርመናል፣ የጥገና ፈቃዱም ወጥቷል፣ በአዋጅ 209/1992 መሰረት ቅርስ ያለፈቃድ አይነካም፣ ስለዚህ ነገ መጥቶ ማን ፈቀደላችሁ የሚለን የለም። የገባውም የወጣውም ከነደረሰኙ ፎቶ በየሳምንቱ ይለጠፋል። የሂሳብ ቁጥሩን ግሩፑ ላይ ፒን አድርገነዋል፣ ከዛ ውጭ በውስጥ መስመር ቁጥር የሚልክላችሁ ሰው ካለ የኛ አይደለም፣ አትላኩ። ለ110ሩ ካልሞላ ደግሞ ባለው ብር የምስራቁን ጎን ቀድመን እንከድናለን፣ የቀረውን በሸራ ሸፍነን ክረምቱን እናሻግረዋለን፣ ብሩን ለሌላ ነገር አናዞርም።

ብር የሌላችሁ ሌላ ብዙ ነገር አላችሁ። ባህር ዛፍ ያላችሁ ለመወጣጫ የሚሆን አጣና ብታውሱን በቂ ነው፣ ስንጨርስ እንመልሳለን። ከከተማው ዙሪያ ያላችሁ ገበሬ ዘመዶቻችን፣ ዘንድሮ ጤፉ ተወቅቷል፣ ከከብቱ የተረፈ ጭድ ካለ ከአሁኑ እናከማቸዋለን፣ ጥቅምት ላይ ፍለጋ ከምንወጣ። ጭቃ መርገጥ በደቦ ነው፣ በዓል ባልሆነ ቀን (እሱ ነው አስቸጋሪው፣ በዓሉ አያልቅብንም)፣ ንፍሮና ጠላ ከሴቶች እድር ተፈቅዷል። ኢንጂነሮችና አርክቴክቶች፣ በተለይ ኖራ ላይ የሰራችሁ፣ አንድ ቀን መጥታችሁ ብታዩልንና ተሳስታችኋል ብትሉን ደስ ይለናል። የድሮ ፎቶ ያላችሁ፣ ደርቡ ከጀርባ የሚታይበት የሰርግም የተማሪም ፎቶ፣ ዋናውን አትስጡን፣ በስልክ አንስታችሁ ላኩልን፣ ሰገነቱ ድሮ ስንት ቋሚ እንደነበረው ያጣራንበት በአንድ የሰርግ ፎቶ ነው፣ ሙሽሮቹ ፊት ለፊት ቆመው እኛ ከኋላቸው እንጨት ስንቆጥር።

መፅሀፍ ለጊዜው አትላኩ፣ ማስቀመጫ የለንም፣ ዝናብ ያበላሸዋል፣ ጥቅምት ላይ ራሳችን እንጠይቃለን። ልብስም አንቀበልም፣ ካሁን በፊት ለሌላ ጉዳይ ስንሰበስብ ያመጣችሁትን ዚፑ የማይዘጋ ጃኬት ሁሉ እናስታውሳለን ሃሃ።

ጭድና አጣና የምታመጡ ከሰዓት በኋላ አድርጉት፣ ጠዋት ጠዋት ቦይ ቆፋሪዎቹ በሩ ላይ ስለሚሰሩ ጋሪ አያስገባም። ጥበቃው እዛው ስለሚቆዩ እሳቸውን ጠይቁ፣ ስማችሁን መዝገብ ላይ አስፅፋችሁ ሂዱ፣ ትንሽም ቢሆን ሳይመዘገብ እንዳይቀር።