ያልቆጠርሽውን አትጻፊ

የኔ ልጅ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። አባትሽን ጉልበቱ አልፎ አልፎ ያመዋል እንጂ ሌላ ነገር የለም።

እሁድ ማታ በስልክ ያልሽኝ ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል። አንቺ ለወሬ ያህል ነው ያነሳሽው። "እማ፣ እዚህ የምለማመድበት ዋርድ እኮ ቻርቱ ላይ የሁሉም በሽተኛ ትንፋሽ 20 ነው" ብለሽ ሳቅሽ። "አንቺስ ስንት ጻፍሽ?" ስልሽ "እኔም 20 ነዋ፣ ጊዜ የት አለና" አልሽኝ። በስልክ ልቆጣሽ ስላልፈለግሁ ዝም አልኩ። ሦስት ቀን ሙሉ ከሆዴ አልወጣ አለ። አሁን ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ያልቆጠርሽውን አትጻፊ።

አንዱ ትናንት ከኦፕራሲዮን የወጣ ነው። አንዷ የሳንባ ምች አለባት። ሌላው ለሕመሙ ሞርፊን ተወግቷል። እነዚህ ሰዎች በምን ተአምር ነው እኩል የሚተነፍሱት? የጤነኛ አዋቂ ሰው ትንፋሽ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ነው። 20 የሚጻፈው ማንንም ስለማያስደነግጥ ነው። "ኖርማል" ነው ተብሎ ይታለፋል፣ ማንም አይጠይቅሽም።

አቆጣጠሩን ተምረሻል፣ እኔም ልድገመው። የልብ ምቱን ቆጥረሽ ስትጨርሺ ጣቶችሽን ከእጁ ላይ አታንሺ። ገና ምቱን እየቆጠርሽ ይምሰለው። ዓይንሽን ግን ወደ ደረቱ መልሺ። ትንፋሽህን ልቆጥር ነው ካልሽው ሳያስበው አተነፋፈሱን ይቀይረዋል። ብርድ ልብሱ ከሸፈነው ገለጥ አድርጊ። ደረቱ ከፍ ብሎ ዝቅ ሲል አንድ ነው። ሙሉ 60 ሰከንድ ቁጠሪ። 15 ሰከንድ ቆጥሮ በ4 ማባዛት አያዋጣም፤ አንድ ትንፋሽ ከሳትሽ በ4 ተሳሳትሽ ማለት ነው። የታመመ ሰው ትንፋሽ ደግሞ ወጥ አይደለም። እየቆጠርሽም እዪ። አፍንጫው ይርገበገባል? አንገቱ ሥር ያለው ጡንቻ ይወጠራል? ስታናግሪው ሳያቋርጥ አንድ ነገር ተናግሮ ይጨርሳል?

ትንፋሽ ላይ ለምን እንዲህ ሙጭጭ እንዳልኩ ልንገርሽ። ይህን ለአባትሽም በቅጡ አላወራሁትም።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። የሌሊት ተረኛ ነበርኩ። ሆዱን ኦፕራሲዮን ከሆነ ሦስተኛ ቀኑን የያዘ ሰውዬ ነበር። ዝምተኛ፣ ሰው ማስቸገር የማይወድ። ቻርቱን ስገልጠው 20፣ 20፣ 20 ይላል። ግፊቱን ለካሁ፣ ደህና ነው። የልብ ምቱ 112 ነበር፤ ከሕመሙ ነው ብዬ አለፍኩት። ልሄድ ስል "ሲስተር፣ መስኮቱን ትንሽ ክፈቺልኝ" አለኝ። ከፈትኩለት። ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ሳብኩለት። ከዚያ 20 ብዬ ጻፍኩና ወደሚቀጥለው አልጋ ሄድኩ።

ሌሊቱ ብርድ ነበር። መስኮት የሚያስከፍት ሙቀት አልነበረም። ሰውዬው አየር አጥሮት ነው። በገዛ አፉ ነገረኝ፣ እኔ አልሰማሁትም።

ሊነጋጋ ሲል ባልደረባዬ ሮጣ ጠራችኝ። ቆጠርነው፣ 36። እጁ ቀዝቅዟል፣ ግፊቱ ወርዷል። ለካ የተሰፋው አንጀት አፈትልኮ ኢንፌክሽኑ ሰውነቱን ወርሶት ኖሯል። መልሰው ኦፕራሲዮን ክፍል አስገቡት። በሕይወት አልወጣም።

ማንም አልጠየቀኝም። ቻርቱ 20 ይላላ። ጠዋት ሚስቱ መጥታ "ሌሊቱን አብረሽው አድረሻል፣ እግዜር ይስጥሽ" ብላ እጄን በሁለት እጇ ያዘችው። እስከ ዛሬ የያዘችኝ ይመስለኛል። ቆጥሬ ቢሆን ይተርፍ ነበር? አላውቅም። ሐኪም ብዙ ሰዓት ቀድሞ ያየው እንደነበር ግን አውቃለሁ።

ስለዚህ ልጄ፣ ያልቆጠርሽውን አትጻፊ። ጊዜ ካጠረሽ ባዶ ተይውና ለተረኛዋ "የእገሌን አልቆጠርኩም" በያት። ባዶ ቦታ ያየ ሰው ሄዶ ይቆጥራል። የውሸት 20 ግን ዋርዱን በሙሉ ያዘናጋል።

ኢንፌክሽን ወይም የደም መፍሰስ ሲኖር ሰውነት አስቀድሞ ትንፋሽንና የልብ ምትን ያፋጥናል። ግፊት የሚወርደው ብዙ ጊዜ ዘግይቶ፣ ሰውነት መቋቋም ሲያቅተው ነው። ወጣቶች ላይ በተለይ። "ግፊቱ ደህና ነው" ብለሽ አትዘናጊ። ጣት ላይ የምትደረገው የኦክስጅን መለኪያም አትሸውድሽ። ኦክስጅን የተደረገለት ሰው 96 እያሳየ ትንፋሹ 34 ሊሆን ይችላል። ሞርፊን የወሰደው ደግሞ ወደ 8 ወርዶ ሳለ እንቅልፍ የወሰደው ይመስልሻል። ቀስቅሺው። ካልነቃ ሰው ጥሪ።

ደህና ሲያወራ የነበረ ሰው ድንገት ከተወዛገበ ወይም ላብ ካጠመቀው ስኳሩን ለኪ። ከ70 በታች ከሆነ በኋላ እመለስበታለሁ አትበዪ። ሐኪም ስትጠሪም "ደስ አላለኝም" ብቻ ብለሽ አትቁሚ። ማን እንደሆነ፣ ለምን እንደተኛ፣ አሁን ምን ቁጥር እንዳገኘሽ፣ ትናንት ስንት እንደነበር፣ ምን እንዲደረግ እንደምትፈልጊ ተናገሪ። ተማሪ ነኝ ብለሽ አትፈሪ። ቢቆጡሽም የቆጠርሽው ቁጥር በእጅሽ ነው።

ስለ ፍሎረንስ ናይቲንጌል ሲያስተምሩሽ መብራት ይዛ ስትዞር ነው የሚያሳዩሽ። እኔ የምወድላት መቁጠሯን ነው። እ.ኤ.አ. በ1854 የክሪሚያ ጦርነት ቁስለኞችን ልታስታምም ሄደች። ኋላ ላይ ከቁስሉ ይልቅ በሽታው ብዙ ወታደር እንደፈጀ በቁጥር አሳየች።

አሁን ደግሞ ጥፍርሽን ቁረጪ። ቀለበቱን አውልቂው። በአልኮል ከሆነ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ፣ በውሃና ሳሙና ከሆነ ከ40 እስከ 60 ሰከንድ እሺ፣ አውራ ጣትሽን አትርሺ። መድኃኒት ከመስጠትሽ በፊት "እርስዎ እገሌ ነዎት?" ብለሽ አትጠይቂ፤ ግራ የገባው ሰው ለሁሉም አዎ ይላል። "ስምዎን ይንገሩኝ" በይ። ምግብ ሳትበዪ ሺፍት አትግቢ።

ተቆጥቼ ጻፍኩ መሰለኝ። አይክፋሽ፣ እናቴ። እኔ ሙያሽን አልጠራጠርም። አያትሽ አልጋ ላይ በወደቁ ጊዜ ትዝ ይልሻል? የ11 ዓመት ልጅ ነበርሽ። በየ2 ሰዓቱ እያገላበጥኳቸው፣ ቆዳቸውን እያየሁ፣ ምንም የለም ብዬ ነበር። አንቺ እግራቸውን ስታሺ "እማ፣ ይሄኛው ተረከዝ ይሞቃል" አልሽኝ። ጠይም ቆዳ ላይ የአልጋ ቁስል ሲጀምር መቅላቱ ብዙ ጊዜ አይታይም። በእጅ ነው የሚታወቀው፤ ይሞቃል፣ ይጠጥራል፣ ከሌላው እግር ይለያል። ያን ያህል ዓመት የሠራሁት እኔ በዓይኔ አይቼ አለፍኩ፣ አንቺ ነካሽና አገኘሽው። ትራስ ከባታቸው ሥር አድርገን ተረከዛቸውን ከፍራሹ አነሳነው፣ ሳይቆስል ዳነ። ያ እጅሽ አሁንም አለ። በችኮላ አታበላሺው። ያልነካሽውን ነካሁ፣ ያልቆጠርሽውን ቆጠርኩ አትበዪ።

ሰዓቴን ለአክስትሽ ሰጥቻታለሁ፣ ቅዳሜ ታደርስልሻለች። ባትሪዋን አስቀይሬያታለሁ። ሰከንድ የምትቆጥረዋ ቀይ ዘንግ በጨለማም ትታያለች። እጅሽ ላይ አትሰሪያት፣ ደረትሽ ላይ አንጠልጥያት።

ጥግ ያለው አልጋ ላይ አንድ ሽማግሌ አሉ፣ ከሰው አያወሩም ብለሽኝ ነበር። ሰኞ ስትገቢ ከእሳቸው ጀምሪ። ስማቸውን አትንገሪኝ። ስንት እንደቆጠርሽ ብቻ ማታ ደውለሽ ንገሪኝ።

እናትሽ