የሙዚቃ መምህር ከመደልደሉ በፊት «ለምን አስተምራለሁ?» ብሎ ይጻፍ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

መስከረም በመጣ ቁጥር በየትምህርት ቤቱ የክፍለ ጊዜ ድልድል ሲሠራ ሂሳብና እንግሊዝኛን ማን እንደሚይዝ ብዙ ይመከርበታል፤ የሙዚቃው ክፍለ ጊዜ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጭነቱ ላልሞላለት መምህር ማሟያ ሆኖ ይሰጣል። ይህን የምጽፈው ማንንም ለመውቀስ አይደለም። እኔ ራሴ የሠለጠንኩት በአማርኛ ቋንቋ ሲሆን፣ ሙዚቃ ማስተማር የጀመርኩት እንዲሁ ተደልድዬ ነው። ከዚያ ወዲህ በቆየሁባቸው 19 ዓመታት ግን አንድ እምነት ይዣለሁ፤ የሙዚቃ መምህር ከመማሪያ መጽሐፉም ከክራሩም በፊት የሚያስፈልገው «ለእነዚህ ልጆች ሙዚቃ የማስተምራቸው ለምንድን ነው?» ለሚለው ጥያቄ ራሱ አስቦበት በራሱ ቃል የጻፈው መልስ ነው። የትምህርት ባለሙያዎች ይህን የማስተማር ፍልስፍና ይሉታል። ስሙ ከበድ ቢልም ነገሩ ከአንድ ገጽ አይበልጥም።

በመጀመሪያው ዓመቴ በጥቁር ሰሌዳው ላይ አምስት መስመር አስምሬ፣ ሙሉ ኖታ 4 ምት፣ ግማሽ ኖታ 2 ምት፣ ሩብ ኖታ 1 ምት እንደሚይዝ አስጻፍኩ። በፈተናም ጠየቅኩ፤ ልጆቹም አብዛኞቹ በትክክል መለሱ። ውጤቱን ለርዕሰ መምህሩ ሳስረክብ ደስ ብሎኝ ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት ሰሌዳው ላይ የጻፍኩትን አራት ኖታ በጭብጨባ እንዲያሳዩኝ ብጠይቅ ግን አንድም ልጅ አልቻለም። በዚያው ቀን በእረፍት ሰዓት ሴቶቹ ልጆች ክብ ሠርተው ሲጫወቱ ቆሜ አየሁ። አንዷ ታወጣለች፣ ሌሎቹ ይቀበሏታል፤ ጭብጨባው እኔ በኖታ ልጽፈው የማልችለው፣ ሁለት ዓይነት ምት በአንድ ጊዜ የሚሄድበት ነበር። እኔ የማስተምረውና እነሱ የሚያውቁት ሙዚቃ በአንድ ግቢ ውስጥ ሳይተዋወቁ እንደሚኖሩ የገባኝ ያን ዕለት ነው።

ከዚያ በኋላ ነው ማንበብ የጀመርኩት። እ.ኤ.አ. ከ1882 እስከ 1967 የኖረው የሃንጋሪው የሙዚቃ ደራሲ ዞልታን ኮዳይ፣ ከጓደኛው ከቤላ ባርቶክ ጋር በየገጠሩ እየዞረ የሕዝቡን ዘፈን የሰበሰበ ሰው ነው። ልጅ አፉን በእናቱ ቋንቋ እንደሚፈታ ሁሉ በሙዚቃም መጀመር ያለበት ከገዛ ሕዝቡ ዜማ ነው ብሎ ያምን ነበር። ለሕፃናት መጀመሪያ እንዲሆን የመረጠውም በአምስት ድምፅ የተሠራ ዜማ ነው፤ ምክንያቱም የግማሽ ድምፅ ርቀት፣ ማለትም በ«ሚ» እና በ«ፋ»፣ እንዲሁም በ«ሲ» እና በ«ዶ» መካከል ያለው ጠባብ እርምጃ፣ ለትንንሽ ልጆች አስተካክሎ ለመዝፈን ስለሚያስቸግር ነው። ይህን ሳነብ የራሴ ክፍል ታወሰኝ። የእኔ ተማሪዎች ዶ፣ ሬ፣ ሚ ብለው በደስታ ይጀምሩና «ፋ» ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ይበታተን ነበር፤ እኔም ስንፍና ይመስለኝ ነበር። ትዝታ ሜጀር የሚባለው የአገራችን ቅኝት ግን ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው፤ «ፋ» እና «ሲ» የሉበትም። ለልጅ ጆሮ የሚስማማው መጀመሪያ ሃንጋሪ ድረስ ሳልሄድ እጄ ላይ ነበር ማለት ነው። አምባሰልና አንቺ ሆዬ ለኔ የሚባሉት ቅኝቶች ጠባቡ እርምጃ ስላለባቸው እነሱን ወደ ኋላ አቆየኋቸው፤ ሆኖም አምባሰልና ባቲ በእኛ በወሎ የቅኝት ብቻ ሳይሆኑ የአገርም ስሞች ናቸውና ልጆቹ ሲደርሱባቸው የሚያውቁት ሰፈር እንደ መግባት ይሆንላቸዋል።

ይህ ማለት ሁሉም መምህር ኮዳይን ይከተል ማለቴ አይደለም። ጀርመናዊው ካርል ኦርፍ ከንግግር፣ ከአካል እንቅስቃሴና ከሚመቱ መሣሪያዎች መጀመርን መርጧል፤ ከ60 በላይ ተማሪ ይዞ አንድ ከበሮ ብቻ ላለው መምህር ምናልባት እሱ ይሻላል። ዋናው መምህሩ የመረጠውን ለምን እንደመረጠ ማወቁ ነው።

የተጻፈ መልስ ይበልጥ የሚያስፈልገው ደግሞ ሰው ሲጠይቅ ነው። አንድ አባት ትምህርት ቤት ድረስ መጥተው «መምህርት፣ ልጄን አዝማሪ ሊያደርጉብኝ ነው?» ብለውኛል። ሙያተኛን ማናናቅ በአገራችን የቆየ ቁስል ስለሆነ ጥያቄው አልገረመኝም፤ የገረመኝ የምመልሰው ማጣቴ ነው። በእኔ ክፍል ከመንዙማ ቤት የመጣና ማኅሌት ሲሰማ ያደገ ልጅ በአንድ ዴስክ ይቀመጣሉ። የአንዱን አምልኮ ሌላው እንዲዘምር አላደርግም፤ በሁለቱም ዘንድ አውጪና ተቀባይ እንዳለ፣ ሁለቱም ጆሮን እንደሚያሠለጥኑ ግን አሳያቸዋለሁ። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረውን የቅዱስ ያሬድን ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የሚባሉ የዜማ ስልቶች የማነሣው እንደ ታሪክ ነው። ይህን መስመር የት እንደማሰምር ያወቅኩት በወረቀት ላይ ካሰፈርኩት በኋላ ነው። ለአባትየውም በኋላ የመለስኩላቸው ከዚያው ወረቀት ነው፦ ልጅዎ የሌላውን ድምፅ እየሰማ የራሱን ማስተካከል ይማራል፣ ይህንንም ከሙዚቃ በተሻለ የሚያስተምር ክፍለ ጊዜ የለኝም አልኳቸው።

ስለዚህ የመምህራን ትምህርት ኮሌጆች እጩ መምህራንን ለተግባር ልምምድ ከመላካቸው በፊት ይህን አንድ ገጽ ቢያስጽፏቸው፣ ተደልድለው ለሚመጡትም በክረምት ሥልጠና ግማሽ ቀን ቢሰጣቸው እላለሁ። ሱፐርቫይዘሮች ክፍል ሲጎበኙ ከዕለታዊ ዕቅዱ ጋር እሱንም ቢያነቡ፣ መምህሩ በጻፈው መሠረት ያስተምር እንደሆነ መጠየቅ ይችላሉ። የምፈራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እንደ ዓመታዊ ዕቅዱ ከጓደኛ እየተገለበጠ ፋይል ማሟያ እንዳይሆን። ማንም ነጥብ አይስጥበት፣ ቅጽም አይሠራለት፤ መምህሩ በየዓመቱ እያወጣ የተለወጠበትን ይሰርዝ፣ ያልኖረበትንም ይጠይቅ።

የእኔ የመጀመሪያው ገጽ «ባህላችንን ለመጠበቅና ዜጋን ለማነጽ» የሚል ነበር። ቃሉ ከመርሐ ትምህርቱ የተወሰደ ነው፣ ስሕተትም የለበትም፤ ነገር ግን ሰኞ ጠዋት 4ኛ ክፍል ስገባ ምን ማድረግ እንዳለብኝ አይነግረኝም ነበር። በሦስተኛው ዓመት ሰርዤ፣ ገና በሕፃንነቱ «ዝም በል፣ ድምፅ የለህም» የተባለ አንድ ልጅ ዓመቱን ሙሉ አፉን ብቻ እያንቀሳቀሰ መዝፈኑን ካየሁ በኋላ፣ በምትኩ «አንድም ልጅ ‹ድምፅ የለኝም› ብሎ ከእኔ ክፍል አይወጣም» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ጀምሮ በየሳምንቱ እያንዳንዱ ልጅ ለብቻው የሚያወጣውን አንድ ስንኝ እሰማለሁ፤ ክፍሉም ይቀበለዋል። ብዙ ጊዜ ይወስዳል፤ መጽሐፉንም በአንዳንድ ዓመት አልጨርስም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የመጀመሪያ ደረጃ የሙዚቃ መምህርት
ከደሴ