ለስፖርቱም ለሙዚቃውም የሚሆን አንድ ቤት

ለባህልና ስፖርት ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ለስፖርት ውድድርና ለሙዚቃ ዝግጅት የሚያገለግል ሁለገብ አሬና ስለመገንባት

የተከበራችሁ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊዎች፣

በመጋቢት 2014 ዓ.ም. ቤልግሬድ ላይ በተካሄደው የዓለም የቤት ውስጥ አትሌቲክስ ሻምፒዮና በ4 ወርቅ፣ በ3 ብርና በ2 ነሐስ ከዓለም አንደኛ መውጣታችንን መቼም አትረሱትም። ጉዳፍ ፀጋይ፣ ለምለም ኃይሉ፣ ሳሙኤል ተፈራና ሰለሞን ባረጋ ወርቅ ያጠለቁበት ቤት ግን የአትሌቲክስ ቤት አይደለም። 200 ሜትሩ መሮጫ ለውድድሩ ተነጥፎ፣ ሲያበቃ ተነሣ። ሁለት ወር ቆይቶ የአውሮፓ ክለቦች የቅርጫት ኳስ ፍጻሜ እዚያው ተካሄደ። እኛ ሚሊኒየማችንን ባከበርንበት በ2000 ዓ.ም. ዩሮቪዥን የተባለው የአውሮፓ የዘፈን ውድድርም የተዘፈነው በዚያው ጣሪያ ሥር ነው።

እኔ ሯጭ አይደለሁም፤ የምተዳደረው በመድረክና በድምፅ ሥራ ነው። ለእናንተ መጻፌ ባህሉንም ስፖርቱንም አንድ ላይ የያዛችሁት እናንተ ስለሆናችሁ ነው። ዘፋኙ በአንድ በር፣ ስፖርተኛው በሌላ በር እየገባ አዳራሽ ከለመነ ሁለቱም የሚደርሳቸው ግማሽ ነገር ነው።

«አዳራሽ ሞልቶ የለም እንዴ?» የሚል አይጠፋም። አለ፤ ለስብሰባና ለኤግዚቢሽን አለ። በ2017 ዓ.ም. የተመረቀው የኮንቬንሽን ማዕከልም ለዚያ ሥራ የሚታማ አይደለም። ሚሊኒየም አዳራሽማ ያልሆነልን ነገር የለም። በ2000 ዓ.ም. ቢዮንሴ ዘፍናበታለች፤ በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲመጣ ሆስፒታል ሆኖ ሕሙማን ተኝተውበታል። ነገር ግን ሰፊ ባዶ ወለል ነው፤ መድረኩን፣ መብራቱን፣ ወንበሩን አዘጋጁ በየጊዜው ተከራይቶ ያስገባል። ደግሞ ኮንሰርት የሚደራው በበዓል ሰሞን ነው፤ በበዓል ሰሞን ትልልቁን አዳራሽ የሚይዘው ባዛር ነው። አልጋ ልብስና ድስት ውስጥ ሲሸጥ ዘፋኙ ውጭ ያድራል።

ውጭ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ላስረዳ። የአዲስ ዓመት ኮንሰርት የሚዘጋጀው በጳጉሜን ነው፤ ክረምቱ ገና ጠቅልሎ አልወጣም። መድረኩን በረጠበ ሣር ላይ ስናቆም እግሩ ስለሚሰምጥ ከሥሩ ጣውላ እንደረድራለን። የኤሌክትሪክ መገጣጠሚያውን ሁሉ በፌስታል ጠቅልለን በፕላስተር እናስራለን፤ ሚክሰሩን፣ ማለትም የድምፅ መቆጣጠሪያውን፣ ሸራ አልብሰን አንድ ልጅ ጃንጥላ ይዞ አጠገቡ ይቆማል። ዶፉ ከወረደ ጀነሬተር እናጠፋለን፤ ምክንያቱም ውኃና መብራት ባሉበት ዘፋኝን ማይክ ማስጨበጥ ነፍስ ማጥፋት ነው። ትኬት የገዛው ሕዝብ ግን ይህን አያይም፤ የሚያየው ዝም ያለ መድረክ ነው። ጠርሙስ መወርወር የሚጀመረው ያኔ ነው። በሲሚንቶ ሜዳ ላይ ቅርጫት ኳስና መረብ ኳስ የሚያሠለጥኑ ወዳጆቼም ሐምሌና ነሐሴን የሚያሳልፉት ውኃ በመጥረጊያ በመግፋት ነው።

ስለዚህ ይሠራ እላለሁ፤ ግን እንዴት እንደሚሠራ ሳይነጋገሩ ከመጀመር ባይጀመር ይሻላል። ለሁለቱም የሚሆን ቤት የሚሆነው ከመጀመሪያው ንድፍ ላይ ሲታሰብ ብቻ ነው። ወለሉ የሚለካው በእጅ ኳስ ሜዳ ነው፤ እሱ 40 በ20 ሜትር ነው፣ የቅርጫት ኳሱ 28 በ15፣ የመረብ ኳሱ 18 በ9 ነው። ትልቁ ከገባ ሌላው ሁሉ ይገባል፤ በቅርጫት ኳስ ልክ ከተሠራ ግን የእጅ ኳስ ሰዎች ለዘለዓለም ውጭ ቀሩ ማለት ነው። ለዓለም ደረጃ የመረብ ኳስ ውድድር ከወለሉ በላይ 12.5 ሜትር ነጻ ከፍታ ይፈለጋል። ጣሪያው ደግሞ የራሱን ክብደት ብቻ ሳይሆን እኛ የምንሰቅለውን ቶን የሚመዝን ስፒከርና መብራት መሸከም አለበት፤ ይህ ኋላ የሚጨመር ነገር አይደለም፣ ብረቱ ሲሰላ ያለቀ ጉዳይ ነው። የታችኛው ረድፍ ወንበር ወደ ኋላ ተገፍቶ የሚገባ ይሁን። የጭነት መኪና እስከ ወለሉ ድረስ የሚገባበት በር ይኑር።

ከሁሉ በላይ ድምፁ! ሲሚንቶ፣ መስታወትና ቆርቆሮ ብቻ የሆነ ቤት ዘፈኑን መልሶ መላልሶ ይተፋዋል፤ ግጥሙ አይሰማም፣ ከበሮው ሁለቴ ይመታል። ድምፅ የሚመጥ ነገር ግድግዳውና ጣሪያው ላይ መግባት አለበት። ብር ሲያጥር መጀመሪያ የሚሰረዘው እሱ ስለሆነ ነው አጥብቄ የምናገረው።

የሩዋንዳዋን ኪጋሊን ተመልከቱ። 10 ሺህ ሰው የሚይዘው አሬናቸው በ2011 ዓ.ም. ተከፈተ፤ በ2013 ዓ.ም. የአፍሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግ የመጀመሪያ ዓመት ውድድር ሙሉ በሙሉ እዚያ ተካሄደ፤ በ2016 ዓ.ም. ኅዳር ላይ አሜሪካዊው ራፐር ኬንድሪክ ላማር ዘፈነበት። የአሬናው ስም ዛሬ የባንክ ስም ነው፤ ባንኩ ለስሙ ይከፍላል። የእኛ ባንኮች ፎቅ በመሥራት አይታሙም፤ ከፎቁ አንዱን ትተው እዚህ ስማቸውን ቢጽፉ ማን ይጠላል?

ትልቅነቱ ላይ ግን አንወዳደር። እንደኔ 6 ወይም 7 ሺህ ሰው የሚይዝ ይበቃናል። የመሮጫው ነገር ልቤን ቢበላውም፣ እሱን ለመዘርጋት ወለሉ ከእጥፍ በላይ መስፋት አለበትና አልጠይቅም። የአደይ አበባ ስታዲየም በ2008 ዓ.ም. ተጀምሮ ዓመት ሲቆጥር፣ ብሔራዊ ቡድናችን የሜዳውን ጨዋታ በሰው አገር ሲጫወት አይተናል። የሚያልቅ ትንሽ ነገር ይሻለናል።

የጊዜ ሰሌዳውም ከወዲሁ በመመሪያ ይጻፍ። ከሰኞ እስከ ሐሙስ ለክለቦችና ለትምህርት ቤቶች በአነስተኛ ክፍያ፣ ዓርብ፣ ቅዳሜና እሑድ ለሊግ ጨዋታና ለኮንሰርት። ባዛርና ስብሰባ የራሳቸው ቤት ስላላቸው እዚህ አይግቡ። ይህ ካልተጻፈ በሁለተኛው ዓመት ወለሉ ላይ ምንጣፍ ተነጥፎ ዓመታዊ ጉባኤ ይካሄድበታል፤ የምናውቀው ነው።

ጥናቱን የሚሠራ ኮሚቴ ስታቋቁሙ ከእጅ ኳስ፣ ከመረብ ኳስና ከቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽኖች፣ ከመድረክና ድምፅ ባለሙያዎችም አንዳንድ ሰው ይግባበት። ንድፉ ከመጽደቁ በፊት ለሕዝብ ይታይ። የእኛ ሙያ ሰዎች ወረቀቱን አይተን አስተያየት ለመስጠት አበል አንጠይቅም።

ከሰላምታ ጋር
አንድ የመድረክና ድምፅ ባለሙያ

ግልባጭ፦
ለአዲስ አበባ ወጣቶችና ስፖርት ቢሮ