«ዋጋ በውስጥ መስመር» ይቅር

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ ኦንላይን ንግድ ሲወራ አንድ ነገር ይደጋገማል፤ የሱቅ ኪራይ ቀረ፣ ስልክ ያለው ሁሉ ነጋዴ መሆን ይችላል ይባላል። ኪራዩ መቅረቱ እውነት ነው። በኪራዩ ፋንታ በሌላ በር የሚገባው ወጪና ሥራ ግን ስለማይነገር፣ ብዙ ወጣቶች ቴሌግራም ቻናል ከፍተው ወራት ሳይቆዩ መነሻ ገንዘባቸውን ጨርሰው ይዘጋሉ። ይህ ያሳዝናል፤ አብዛኛው ኪሳራ አስቀድሞ ሊታይ የሚችል ነውና።

ሽሮ ሜዳ ሄዳ የሐበሻ ቀሚስ የምትገዛ ሴት የምታደርገውን እናስተውል። ጨርቁን በጣቶቿ መሃል አሸት አሸት ታደርገዋለች፤ ፈትል ይሁን መነን ያኔውኑ ትለያለች። ቀጥላ ጫፉን ትገለብጣለች። ጥለቱ ከሸማው ጋር አብሮ የተሸመነ ነው ወይስ በላዩ ላይ በማሽን የተጠለፈ? ይህን የሚነግራት ፊቱ ሳይሆን ጀርባው ነው። ከዚያ ከትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ቁመቱን ታያለች፣ ትከራከራለች፣ ብሩን ሰጥታ ቀሚሱን ትቀበላለች። እቃውና ገንዘቡ በአንድ ቅጽበት እጅ ስለሚለዋወጡ ሻጩን ማመን ብዙም አያስፈልጋትም። በስልክ ሲሸጥ ግን እቃውና ገንዘቡ ይለያያሉ። አንዱ ይቀድማል፣ ሌላው በሰዓታት፣ ተሰፍቶ የሚሰጥ ከሆነ ደግሞ በሳምንታት ይዘገያል። የኦንላይን ንግድ ሥራው ይህን ክፍተት መሙላት ነው። ፎቶው፣ ልኩ፣ ቀብዱ፣ ማድረሱ፣ ሁሉም ከዚሁ የሚመጣ ነው።

ስለዚህ ሻጭ ገዢዋ በእጇ ታደርገው የነበረውን በፎቶና በጽሑፍ ሊያደርግላት ይገባል። ለአንድ ቀሚስ ቢያንስ አራት ፎቶ ያስፈልጋል፤ ሙሉው ተሰቅሎ፣ ጥለቱ ከቅርብ፣ የጥለቱ ጀርባ፣ የአንገቱና የእጅጌው ስፌት። ፎቶው በቀን፣ ቀጥተኛ ፀሐይ በማይገባበት መስኮት አጠገብ ይነሳ። ቢጫ አምፖል ስር የተነሳ ነጭ ሸማ ክሬም ይመስላል፣ አረንጓዴውም ጥለት ወደ ቡናማ ያደላል፤ «ያየሁት ቀለም አይደለም» ተብሎ ለሚመለሰው እቃ ዋነኛው ምክንያት ይኸው ነው። ከሌላ ሰው ገጽ የተወሰደ የሞዴል ፎቶ ለጥፎ መሸጥ ደግሞ ማታለል ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

ልክ ላይ የሚፈጠረው ስህተት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ገዢዋ የሰውነቷን ልክ ትልካለች፣ ልብስ ሰፊው ደግሞ የቀሚስ ልክ መስሎት በዚያው ይቆርጣል። ደረቷ 96 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሴት 96 የሆነ ቀሚስ ሲደርሳት እጇን ማንሳት አትችልም። ለእንቅስቃሴ ጥቂት ሴንቲ ሜትር መጨመር አለበት፤ ለላላ ስፌት ደግሞ ከዚያም በላይ። «የሰውነት ልክ ላኪልኝ፣ የምጨምረውን እኔ እጨምራለሁ» የሚል አንድ መስመር ስንት ጠብ ባስቀረ! ቁመት ከትከሻ አናት እስከ ቁርጭምጭሚት ይለካ። በእጅ የተፈተለ ጥጥ በመጀመሪያው እጥበት ስለሚሰበሰብ፣ የተጻፈው ቁመት ከመታጠቡ በፊት ይሁን በኋላ መገለጽ አለበት።

አሁን ወደ ዋጋው። ቻናሎቻችንን የሞላው «ዋጋ በውስጥ መስመር»፣ ማለትም ዋጋውን በግል መልእክት ጠይቁኝ የሚለው ነገር ነው። ሻጩ ይህን የሚያደርገው ተፎካካሪ ዋጋውን እንዳያይበት፣ አንዳንዱም የገዢውን አቅም ገምቶ ለመጥራት ነው። ሱቅ ውስጥ ዋጋ አለመለጠፍ የሚያስኬደው ቀጣዩ ሱቅ ሁለት እርምጃ ስለሆነና ገዢው እቃውን ይዞ ስለሚከራከር ነው። ስልክ ላይ ግን አርባ ሰው «ስንት ነው?» ብሎ ይጽፋል፣ ሻጩ አርባ ጊዜ ይመልሳል፤ ሌሊት መልስ ሲሰጥ ጠያቂው ሌላ ጋ ገዝቷል። ለሁለት ሰው ሁለት ዋጋ የጠራም ቢሆን ጓደኛሞቹ ስልካቸውን ሲያስተያዩ ይጋለጣል። ዋጋው ከነማድረሻው በግልጽ ይጻፍ።

የማድረሻው ነገር ሒሳቡ ውስጥ ሳይገባ የሚቀር ስለሆነ በምሳሌ ላስረዳ። ጨርቁና ስፌቱ 6,000 ብር የፈጀ ቀሚስ በ8,500 ይሸጣል እንበል፤ ልዩነቱ 2,500 ነው። 10 ትእዛዝ መጣ፤ 8ቱ ተቀበሉ፣ 2ቱ በር ላይ «ሐሳቤን ቀየርኩ» አሉ። ሞተረኛው ለአንድ ጉዞ 250 ብር ቢወስድ ለ10ሩ 2,500፣ ለሁለቱ መመለሻ 500 ይሆናል። ማሸጊያው በ60 ብር ሒሳብ 600፣ ማስታወቂያ 2,000። ድምሩ 5,600 ነው። ከ8ቱ የተገኘው 20,000 ወደ 14,400 ይወርዳል፤ ለአንድ ቀሚስ 1,800 ማለት ነው። ትርፉ በዚህ ቢቆም ደግ ነበር። ነገር ግን የተመለሱት ሁለቱ በሌላ ሰው ልክ የተሰፉ ናቸው፤ 12,000 ብር እዚያ ላይ ተቀምጧል። እጅ ላይ ያለው ጥሬ ገንዘብ 2,400 ብቻ ነው። ሻጩ «ስምንት ሸጬ ገንዘቡ የት ገባ?» የሚለው ለዚህ ነው።

መፍትሔው ቀብድ ነው፤ እሱም ግን በወጉ ሲሆን። ተዘጋጅቶ ለተቀመጠ እቃ ቀብድ መጠየቅ ተገቢ አይደለም፤ ገዢው በር ላይ ከፍቶ አይቶ ይክፈል። በልክ ለሚሰፋ ግን ከጨርቁ ዋጋ ያልበለጠ ቀብድ መውሰድ ለሁለቱም ፍትሐዊ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1885 መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢተው ደግሞ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ሕጉ የወጣው በ1952 ዓ.ም. ቢሆንም ለቴሌግራም ሻጭም ይሠራል። ይህ ደንብ የሚናገረው ስለ ቀብድ ስለሆነ፣ «ቀብድ» ብሎ መጻፍና «ቅድሚያ ክፍያ» ብሎ መጻፍ አንድ እንዳልሆነ ሻጭም ገዢም ይወቅ።

ቴሌብር በግንቦት 2013 ከመጣ ወዲህ መክፈል ቀሏል፣ ማጭበርበሩም አብሮ ቀሏል። የተቀነባበረ ስክሪንሾት መሥራት የደቂቃ ሥራ ነው፤ ከተራ ስልክ ቁጥር የሚላክ የውሸት «ገቢ ሆኗል» መልእክትም አለ። ዋናው ተጠቂ ሞተረኛው ነው፤ ገንዘቡ የሚገባው በባለቤቱ ስልክ እንጂ በእሱ ስላልሆነ የገዢውን ስክሪን አይቶ እቃውን ያስረክባል። ደንቡ አንድ መሆን አለበት፤ ባለቤቱ የራሱን ሒሳብ ከፍቶ ቀሪው መጨመሩን አይቶ ደውሎ «ገብቷል» ሳይል እቃው ከሞተረኛው እጅ አይወጣም። አምስት ደቂቃ ያስጠብቃል፤ ያስጠብቅ።

ለገዢዎችም አንድ ነገር። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 የኤሌክትሮኒክ መልእክትን ሕጋዊ ውጤት ሰጥቶታል፤ የተጻጻፋችሁት ነገር ማስረጃ ነው። ሆኖም ቴሌግራም ላይ አንዱ ወገን የግል መልእክቱን ከሁለቱም ስልክ ማጥፋት ይችላል። ስለዚህ ብር ከመላካችሁ በፊት ዋጋውን፣ ልኩንና የማስረከቢያውን ቀን የያዘውን ንግግር ስክሪንሾት አንሱ፣ የቻናሉን ፖስትም ወደ ራሳችሁ ማስቀመጫ ፎርዋርድ አድርጉ፤ ዋናው ቢታረም የእናንተ ቅጂ አይለወጥም።

አሜሪካ ላሉ ወገኖች ለሚልኩ ደግሞ፣ ከነሐሴ 23 ቀን 2017 ጀምሮ ከ800 ዶላር በታች የሆነ እቃ ያለ ቀረጥ የሚገባበት አሠራር ቀርቷል። ቀረጡን ማን እንደሚከፍል ቀድሞ ካልተጻፈ ዋሽንግተን ያለችው እኅት እቃውን ስትቀበል ያላሰበችው ክፍያ ሊጠብቃት ይችላል።

በመጨረሻ ለዝግጅት ክፍሉ አንድ ጥያቄ አለኝ። በማስታወቂያ ገጻችሁ ላይ የቴሌግራም አድራሻ ብቻ ይዘው የሚወጡ ሻጮች እየበዙ ነው። ማስታወቂያውን ስትቀበሉ ዋጋ፣ የማድረሻ ክፍያና እቃ የሚመለስበት ሁኔታ እንዲጻፍበት ብትጠይቁ ሦስት መስመር ነው የሚጨምረው። ቦታ ካነሰም ፎቶው ይነስ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ